ዳክዬ እግሯ የሂማላያ ሽሩ፦ አይጥ አይደለችም፣ ለማጥናትም መያዝ አያስፈልግም

ጥያቄው፦ «ቼንግዱ ውስጥ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ፤ ያደግሁት ሰከላ አካባቢ ነው። መምህራችን በሲቹዋን የተራራ ጅረቶች ውስጥ እግሯ እንደ ዳክዬ በቆዳ የተያያዘ የውሃ አይጥ እንደምትኖር ነገሩን። ከዚህ በፊት ደግሞ እዚያው ሰከላ ባለው የግልገል አባይ ምንጭ አጠገብ አንድ ጊዜ ብቻ ስለተገኘች የውሃ አይጥ አንብቤያለሁ። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው? ውሃ ውስጥስ እንዴት ትተነፍሳለች? የመመረቂያ ጥናቴን በሲቹዋኗ አመጋገብ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ጥቂቶቹን በሕይወት ይዤ አኳሪየም ውስጥ ባቆያቸው ይሆናል?»

መምህርዎ የነገሯችሁ እንስሳ በሳይንሳዊ ስሟ ኔክቶጋሌ ኤለጋንስ ትባላለች፤ ወገኗ ሽሩ ከሚባሉት አይጥ መሰል፣ ነፍሳት በል ትናንሽ አጥቢዎች ነው እንጂ ከአይጥ አይደለም። አይጠ መጎጥ የሚለው የአማርኛ ስም እንደየአካባቢው ለተለያየ እንስሳ ስለሚውል እዚህ ሽሩ በሚለው እቀጥላለሁ። በቻይንኛም ቢሆን የሽሩ ስም የሚጻፍባቸው ፊደላት የአይጥን ምልክት በጎናቸው ስለያዙ፣ የመንደሩ ሰው «የውሃ አይጥ» ቢላት አይፈረድበትም። በዘር ሐረግ ግን አይጥ ከሽሩ ይልቅ ለሰው ትቀርባለች። የሽሩ የቅርብ ዘመዶች መሬት ቆፋሪው የአውሮፓ ሞልና እሾሃማው ሄጅሆግ ናቸው። እነዚህን ደግሞ መዝገበ ቃላት «ፍልፈል» እና «ጃርት» ብሎ ሲተረጉምልዎ ይጠንቀቁ፤ የኛ ፍልፈልና ጃርት ሁለቱም ከአይጥ ወገን ናቸው።

ለመለየት አፏንና የፊት እግሯን ማየት ይበቃል። አይጥ ፊት ለፊት ዕድሜ ልክ የሚያድጉ ስለታም ጥርሶች አሏት፤ ከእነሱ ኋላ ባዶ ድድ አለ፣ መንጋጋዎቹ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ሽሩ ያ ባዶ ቦታ የላትም፤ ሹል ጥርሶቿ ከፊት እስከ ኋላ ተከታትለው ይሄዳሉ። ኔክቶጋሌ 28 ጥርስ አላት፣ ሁሉም ነጭ ነው። በቅርብ ዘመዶቿ ዘንድ የጥርስ ጫፍ ብረት ስላለበት ብዙውን ጊዜ ቀይ ስለሆነ ነጭነቱ ጥሩ ምልክት ነው። የአይጥ የፊት እግር አራት ጣት ያትማል፣ የሽሩ አምስት። ጭቃ ላይ ያገኙትን ዱካ ፎቶ ሲያነሱ ይህን ይቁጠሩ፤ ጎኑ ላይ ማስመሪያ ማስቀመጥም አይርሱ።

ዝርያዋን ለሳይንስ ያስተዋወቋት ፓንዳን ለአውሮፓ ያሳወቁት ፈረንሳዊው ቄስ አርማንድ ዳቪድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1869 ሙፒን ይባል በነበረው፣ ዛሬ ባኦሺንግ በሚባለው አውራጃ ሲሰበስቡ ያገኟትን አልፎንስ ሚልን ኤድዋርድስ በ1870 ስም አወጡላት። ባኦሺንግ ከእርስዎ ከተማ በስተምዕራብ ያለው ተራራማ አገር ስለሆነ፣ ዝርያው መጀመሪያ የተገኘበት ቦታ እዚያው አጠገብዎ ነው። ከዚያ ውጭ በዩናን፣ በጋንሱ፣ በሻንሺና በቲቤት፣ በኔፓል፣ በሲኪም፣ በቡታንና በሰሜን ምያንማር ትገኛለች።

ሰውነቷ ከአፍንጫ እስከ ጭራ መነሻ ከ9 እስከ 13 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ጭራዋም ከዚያ ብዙ አያንስም። ክብደቷ ከ25 እስከ 45 ግራም ይሆናል። ጀርባዋ አመድማ ግራጫ ሲሆን ጫፋቸው ነጭ የሆነ ረጃጅም ፀጉሮች ጣል ጣል ብለውበታል፤ ሆዷ እንደ ብር ነጭ ነው። ጆሮ ብለው የሚይዙት ነገር የላትም፣ ዓይኗም የሰናፍጭ ፍሬ ያህል ነው። ጣቶቿ በስስ ቆዳ ተያይዘዋል፤ በሽሩዎች መካከል እንዲህ ያለ እግር ያላት እሷ ብቻ ናት። የእግሮቿ ጠርዝ በጠንካራ ነጭ ፀጉር ስለተከፈፈ ውሃውን ወደ ኋላ ስትገፋ ፀጉሩ ይዘረጋል፣ እግሯን ወደ ፊት ስትመልስ ይታጠፋል። መዳፏ ሥር ያሉት ክብ ክብ ትራሶች ደግሞ የሚያሟልጭ ድንጋይ ላይ ለመቆም እንደሚረዷት ይታመናል። ጭራዋ ጥቁር ነው፤ ነጭ አጭር ፀጉር በመስመር ተሰልፎ ይወርድበታል፣ ወደ ጫፉ ሲቃረብም በጎን ተጠፍጥፎ እንደ መቅዘፊያ ይሆናል። የሞተች እንኳ ቢያገኙ ጭራዋን በጣትዎ ዳሰው ከመነሻው ወደ ጫፉ ይሂዱ፤ ቅርጹ ሲለወጥ በእጅዎ ይታወቅዎታል።

ውሃ ውስጥ አትተነፍስም። እንደ ማንኛውም አጥቢ ትንፋሿን ይዛ ጠልቃ ትወጣለች። ፀጉሯ መሐል የሚታመቀው አየር ውሃ ውስጥ ስትታይ ብር የለበሰች ያስመስላታል፤ ሰዎች ከዚህ አየር የምትተነፍስ ይመስላቸዋል። የአየሩ ሥራ ቆዳዋ እንዳይርስ መከላከል ነው፣ ለዚያም ዋጋ ታስከፍላለች፦ ሰውነቷ እንደ ቡሽ ስለሚንሳፈፍ ከታች ለመቆየት ሳታቋርጥ መቅዘፍ አለባት። በአሜሪካዋ የውሃ ሽሩ ላይ በተደረጉ ሙከራዎች አብዛኛው ጠለቃ የጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነበር። ኬኔት ካታንያ በዚያችው ዝርያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ጥናት ሌላም ነገር አሳይቷል። ሽሩዋ ከአፍንጫዋ አረፋ አውጥታ ነገሩን በአረፋው ትነካና አረፋውን መልሳ ትስበዋለች፤ ውሃ ውስጥ የምታሸተው በዚህ መንገድ ነው። በጨለማ ውሃ ውስጥ ያደነችውን የምትለየው በሽታ፣ በጢሟ ዳሰሳና በውሃው እንቅስቃሴ ነው። የኔክቶጋሌ ትንሽ ዓይን ጉድለት ይመስላል እንጂ በዚህ አኗኗር ብዙም አይጎዳትም።

ትንፋሽ ይዞ ለመቆየት የሚያግዘው በጡንቻ ውስጥ ኦክስጅን የሚያከማቸው ማዮግሎቢን የተባለው ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በ71 የሽሩ፣ የሞልና የዘመዶቻቸው ዝርያዎች ላይ የወጣ ጥናት ይህን ፕሮቲን ተከትሎ፣ በዚህ ወገን ውስጥ ወደ ውሃ መግባት አምስት ጊዜ ለየብቻው እንደተከሰተ ደርሶበታል። ስለዚህ የአውሮፓዋን የውሃ ሽሩና ኔክቶጋሌን እንኳ ውሃው አላዛመዳቸውም፤ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ነው የገቡት።

የግልገል አባይዋ መልስም ከዚሁ ይወጣል። ኒሎፔጋሚስ ፕሉምቤየስ ትባላለች፤ ስሟ የአባይ ምንጭ አይጥ እንደማለት ነው። ዊልፍሬድ ኦዝጉድ የመሩት የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1927 ከግልገል አባይ ምንጭ አቅራቢያ፣ 2600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ አንዷን ብቻ ይዞ ሄደ፤ ኦዝጉድ በዓመቱ ስም አወጡላት። ይህቺኛዋ የምር አይጥ ናት። እ.ኤ.አ. በ2020 ከዚያችው የሙዚየም ናሙና በተወሰደ ዲኤንኤ የተሠራ ጥናት የቅርብ ዘመዶቿ ኮሎሚስ የሚባሉት፣ ጥልቀት በሌለው የአፍሪካ ጅረት ውስጥ እየተራመዱ የሚያድኑ አይጦች መሆናቸውን አረጋግጧል። ጥቅጥቅ ያለ ውሃ የማያስገባ ፀጉርና ሰፊ የኋላ እግር ከኔክቶጋሌ ጋር ያመሳስላታል። መመሳሰሉን ያመጣው አንድ ዓይነት ኑሮ ነው፤ የሥጋ ዝምድና የላቸውም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ አኳሪየሙ። አያድርጉት። ምክንያቱ ከምትኖርበት ጅረት ይጀምራል። ኔክቶጋሌ የምትገኘው ከ900 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ 2000 ሜትርና ከዚያም በላይ፣ ቀዝቃዛ፣ የጠራና ፈጣን ውሃ ባለበት፣ ትልልቅ ድንጋይ በሞላበት ጅረት ነው። የምትበላው በድንጋዮቹ መካከል ያሉትን የነፍሳት እጮችና ትናንሽ ዓሦች ነው፤ ጉድጓዷንም በዳርቻው ትሠራለች። ውሃ ከአየር ይልቅ 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ሙቀት ይወስዳል፤ 35 ግራም የምትመዝን እንስሳ ደግሞ የምታከማቸው ሙቀት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሚያኖሯት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ደረቅ ፀጉርና የማያቋርጥ ምግብ።

አኳሪየም ሁለቱንም ይነሳታል። የአውሮፓዋ የውሃ ሽሩ ከውሃ ስትወጣ በጠባብ የአፈር ዋሻዋ ውስጥ ተጨናንቃ ታልፋለች፤ ግድግዳው ውሃውን ከፀጉሯ ይጨምቀዋል። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ይህ ከሌለ ፀጉሩ ይተበተባል፣ የታመቀው አየር ይወጣል፣ ውሃ ቆዳ ይደርሳል፤ እንስሳዋ በምግብ ተከባ በብርድ ትሞታለች። ልምድ የሌለው ሰው ስትንቀጠቀጥ አይቶ የፈራች ይመስለዋል። ስለ ምግቡም ያስቡ፦ የአውሮፓዋ በቀን የክብደቷን ግማሽ ያህል ትበላለች። በዚህ ስሌት አንዷ ኔክቶጋሌ በየቀኑ ከ17 ግራም በላይ ሥጋዊ ምግብ ያስፈልጋታል ማለት ነው፤ ሌሊትም ጾም አታድርም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ለጥናትዎ አይጠቅምም። በሣጥን ውስጥ የምትበላው እርስዎ የሰጧትን ስለሆነ በጅረቱ ምን እንደምትመርጥ አይነግርዎትም።

በወጥመድ ይዞ ወዲያው መልቀቅስ? የተካነ ሰው ከጎንዎ ካልቆመ እሱንም አልመክርም። በአይጥ ወጥመድ ሌሊቱን ያደረች ሽሩ ጠዋት ሬሳ ናት፤ ወጥመዱ በየሦስት ሰዓቱ መጎብኘት፣ ደረቅ ሣርና የሚበቃ ሥጋዊ ምግብም ሊኖረው ይገባል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ውሃ ውስጥ የሚሰጥመው የዓሣ ቅርጫት ነው። ሽሩዋ ዓሣውን ተከትላ ትገባለች፣ መውጫው ይጠፋባታል፣ ትሰምጣለች። በያንግዜ ወንዝና በዋና ዋና ገባሮቹ ላይ ከ2021 ጀምሮ የ10 ዓመት የዓሣ ማጥመድ እገዳ ስላለ፣ ቅርጫቱ በሕግም ሊያስጠይቅዎት ይችላል።

የምመክረው የኩስ ጥናት ነው። ብሪታኒያ ውስጥ ለውሃ ሽሩ ቆጠራ የተፈተነ ቀላል ዘዴ አለ፦ 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የፕላስቲክ ቱቦ፣ አንዱ አፉ በመረብ የተዘጋ፣ ውስጡ የዝንብ ሙሽሬ የተደረገበት። ሽሩዋ ገብታ ትበላለች፣ ኩሷን ትታ ትወጣለች። ለኔክቶጋሌ ግን 4 ሴንቲ ሜትር ጠባብ ነው፤ የአውሮፓዋ ክብደት የእሷ ግማሽ እንኳ ላይሆን ይችላል። 6 ሴንቲ ሜትር የውሃ ቧንቧ ይቁረጡና ጫፎቹን በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ፤ ሻካራ ጠርዝ ፀጉር ይነጫል። መረቡ ውሃ የሚያሳልፍ ይሁን፤ በላስቲክ የተዘጋ ቱቦ ውስጥ ኩሱ በዝናብ ሟምቶ ይቆይዎታል። ሙሽሬውን አስቀድመው በረዶ ቤት ያሳድሩት፣ ካልሆነ በሳምንቱ ዝንብ ሆኖ ይበርራል።

ቱቦዎቹን ከውሃው ጠርዝ በ2 ሜትር ውስጥ፣ ከተንጠለጠለ ሥር ወይም ከድንጋይ ጥላ ሥር፣ በየ10 ሜትሩ ያስቀምጡና በድንጋይ ይጫኗቸው። ለአንድ ጅረት ከ20 ባያንስ ይመረጣል። በሁለት ሳምንት ይሰብስቡ። ወቅቱን ካላወቁ ሁሉም ከንቱ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የሲቹዋን ዝናብ አንድ የጎርፍ ሌሊት ሃያውንም ቱቦ ይዞ ይሄዳል። ጥቅምትና ኅዳር፣ ወይም መጋቢትና ሚያዝያ ይሻላሉ። ቱቦውን ሲከፍቱ የአይጥ ኩስም ያገኛሉ፤ የአይጥ ኩስ ጠንካራና ልሙጥ ነው፣ ሲሰበር የሣር ጭረት ይታይበታል። የሽሩ ኩስ በቀላሉ ይፈረፈራል፣ በማጉያ ሲያዩት የነፍሳት ቅርፊት ያብለጨልጭበታል። ሜይፍላይና ካዲስፍላይ የሚባሉት፣ እጫቸው ውሃ ውስጥ የሚያድግ ነፍሳት እጭ ጥፍር ወይም የዓሣ ቅርፊት ካገኙበት ባለቤቱ ውሃ ውስጥ ያደነ ነው።

ግን ማን ነው? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በዚያው ተራራ ሌሎች የውሃ ሽሩዎች አሉ፤ በተለይ ኪማሮጋሌ ስቲያኒ እንደ ኔክቶጋሌ ጀርባዋ ጠቆር ያለ፣ ሆዷ ነጭ ነው። እግሯ ፀጉራም ከፈፍ ቢኖረውም ጣቶቿ በቆዳ አልተያያዙም፤ ጆሮዋም ትንሽና በፀጉር የተሸፈነ ቢሆንም አለ። ይህ ሁሉ እንስሳዋ በእጅ ካለች የሚታይ ነው፤ ኩስ ላይ ግን አይታይም። ስለዚህ እያንዳንዱን ኩስ በንጹሕ ወረንጦ ወደየራሱ ብልቃጥ አስገብተው 95 በመቶ ኤታኖል ከመጠኑ አራት እጥፍ ይጨምሩበት፤ ከዚያ ዝርያውን ለመለየት ከ200 እስከ 300 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) የሚሆን አጭር የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ቁራጭ በላብራቶሪ ያስነብቡ። ኩስ ውስጥ ያለ ዲኤንኤ የተቆራረጠ ስለሆነ ረጅም ቁራጭ ከፈለጉ ብዙው ናሙና ባዶ ይመለስልዎታል።

ከዚያው ኩስ የተበላውንም ማንበብ ይቻላል፣ አንድ ወጥመድ ግን አለበት፦ ማባበያ ያደረጉት የዝንብ ዲኤንኤ ውጤቱን ያጥለቀልቀዋል። የተጠቀሙበትን የዝንብ ዝርያ ለብቻው አስነብበው ከውጤቱ ያውጡት። ዝንቡ የየብስ ስለሆነ ከውሃው ምግብ ዝርዝር የሚጎድልብዎ ትንሽ ነው። በጅረቱ መሐል ካሉ ድንጋዮች ላይ ያለ ማባበያ የተገኘ ኩስ ካለ ደግሞ ለማመሳከሪያ ወርቅ ነው።

ውሃ አጣርቶ ዲኤንኤ መፈለግ የሚለውን ሰምተው ይሆናል። ይሠራል፤ 2 ሊትር ያህል በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ አሳልፎ ማጣሪያውን ወዲያው ኤታኖል ውስጥ መክተት ነው። ፈጣን ጅረት ግን የመጣውን ጠራርጎ ስለሚወስድ አለማግኘት የለችም ማለት አይደለም፤ ማግኘትም የትኛው ድንጋይ ሥር እንዳለች አይናገርም፣ ከላይ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ለአመጋገብ ጥናትም አይጠቅምም። የሙቀት ልዩነት የሚጠብቀው ተራ የዱር ካሜራ ደግሞ ትንሿን፣ ፈጣኗንና ላይዋ በውሃ የቀዘቀዘውን እንስሳ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋታል። ገንዘብዎን እዚያ ላይ አያፍስሱ።

ጅረት ሲመርጡ ከላይ ትንሽ የኃይል ማመንጫ ግድብ መኖሩን ይጠይቁ። ውሃው በቧንቧ ተጠልፎ በሚያልፍበት ክፍል ጅረቱ በደረቁ ወራት ይሞታል። መንገድ የሚቆረጥበት ተራራም ሥር እንዲሁ ነው፤ ደለሉ የድንጋዮቹን ክፍተት ሲደፍን እጮቹ ይጠፋሉ፣ ከእነሱ ጋርም ሽሩዋ። የመጥፋት ስጋት ያለባቸው ዝርያዎች በሚመዘገቡበት ዓለም አቀፍ መዝገብ ብዙም አሳሳቢ ካልሆኑት ተርታ ብትቀመጥም በአንድ ጅረት ላይ መጥፋቷን የሚከለክል ነገር የለም። ሁለቱን አጥንተው ማወዳደር፣ ማለትም ግድብ ያለበትን ጅረትና የሌለበትን፣ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚበቃ ጥያቄ ነው፤ በእኔ እምነት ከአመጋገቡ ብቻ የተሻለ ነው።

የባኦሺንግ ሰፊ ክፍል በፓንዳ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ስለሆነ ቱቦ ይቅርና ድንጋይ ከማንሳትዎ በፊት በዩኒቨርሲቲዎ በኩል ፈቃድ ያውጡ። የተነበበውን የዲኤንኤ መረጃ ወይም ናሙናውን ከአገር ማውጣትም የራሱ ሕግ አለው፤ አማካሪዎን ሳይጠይቁ ሻንጣ ውስጥ አይክተቱ። ኩስ ሲነኩ ጓንት ያድርጉ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ደረቅ ኩስ አያቡንኑ፤ ሽሩዎች ሃንታ ቫይረሶችን እንደሚሸከሙ የተረጋገጠ ነው።

ቱቦዎቹን ወደ አገር ቤት ይዘው ይግቡ። ሰከላ ላይ የሚፈልጉት ከብት ያልጋጠው፣ ሣሩ ውሃው ላይ የተንጠለጠለ ዳርቻ ነው። እዚያ ማባበያውን አይለውጡ፣ ኮሎሚሶችም የውሃ ነፍሳት በላተኞች ናቸው። ከቱቦው የሚወጣውን የአይጥ ኩስ ግን እንደ ሲቹዋኑ እንዳይጥሉት፤ በዚያ በኩል የሚፈልጉት እሱን ነው፣ የሚመሳከርበት የሙዚየሟ ናሙና ንባብም ከ2020 ጀምሮ አለ።